አንድ ጉሮሮ፣ ሦስት ሥራ

እኔ አዋላጅ ነርስ ነኝ። ባለቤቴ የሙዚቃ መምህር ነው። ሁለታችንም እንዘፍናለን። የምንጫወተው በማሲንቆና በክራር የሚሄደውን የጥንቱን ዜማ ነው፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ የሚባሉትን አራቱን ቅኝቶች። ጾም ሲገባ ክራሩ ይሰቀልና በገናው ይወርዳል። ኑሯችን ደብረ ብርሃን ነው።

ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ የሚደርሰኝ ጥያቄ ነው። አንዷ ነርሲንግ ልትመረቅ ነው፣ ክራር ትጫወታለች፣ እጮኛዋ አስተማሪ ነው። «እህቴ፣ ሁሉን እንዴት ነው የምታደርሱት?» ትለኛለች። ሌላው ደግሞ «አንዱን መተው አለብኝ ወይ?» ይላል። ለሁሉም በስልክ ስመልስ ከምውል አንዴ ልጻፈውና ልገላገል አልኩ። ስልክም እኮ ድምፅ ይጨርሳል።

ሰው የሚጠይቀን ስለ ጊዜ ነው። የጊዜው ነገር ቀላል ነው አልልም። ግን ጊዜ ይለመናል፣ ይቀያየራል፣ ሲቸግር ከእንቅልፍ ይሰረቃል። ቀድሞ የሚያልቀው ድምፅ ነው። እሱ ከሰኞ እስከ ዓርብ ክፍል ውስጥ ሲናገር ይውላል። እኔ ዲዩቲ ላይ ስናገር አድራለሁ። ቅዳሜ ደግሞ ሁለታችንም ሰው ፊት ቆመን እንዘፍናለን። ሦስቱም ሥራ የሚቀዳው ከዚያው ጉሮሮ ነው። ስለዚህ ሳምንቱን የምናቅደው ድምፃችንን እያየን ነው። ብዙ የተናገርንበት ቀን ማግስት ለዘፈን አይሰጥም። በቃ። ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው።

ከእኔው ሥራ ልጀምር። ማዋለጃ ክፍል ጸጥ ያለ ቦታ የሚመስለው ሰው ካለ አንድ ሌሊት መጥቶ ይስማ። እናትየዋ ትጮኻለች፤ መብቷ ነው። እኛም እንጮኻለን። «ግፊ! በርቺ! አሁን! አይዞሽ!» አንዱ ሲጀምር ሌላው ይቀበላል። ለልምምድ የመጣው ተማሪም ይጨመርበታል። አፋችን ላይ ደግሞ ማስክ አለ። ማስክ ያደረገ ሰው ሳይታወቀው ድምፁን ከፍ ያደርጋል። እንዲህ ሲታደር ጠዋት ርክክብ ላይ የሚወጣው ድምፅ የሴት ይሁን የወንድ አይለይም።

አሁን የምሠራው ሌላ ነው። ባልደረባዬ ልጁን የምትቀበል ከሆነ እኔ ራስጌ እሄዳለሁ። ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብዬ፣ ከደረቴ፣ ዝቅ አድርጌ ነው የማናግራት። ልጁን የምቀበለው እኔ ከሆንኩ ደግሞ ዋና ዋናውን ምጡ ጋብ ሲል እነግራታለሁ። ምጡ ሲፋፋምባት ማንንም አትሰማም፤ በዚያ ሰዓት የሚጮኽ ሰው ለራሱ ነው የሚጮኸው። ጩኸቱ በሕክምናውም ቢሆን የሚያስፈልግ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው የወሊድ እንክብካቤ ምክር እናትየዋ የራሷን የመግፋት ስሜት እንድትከተል ደግፏት ነው የሚለው። ስለዚህ ድምፄን ስቆጥብ ከሥራዬ አልቆጠብኩም።

አንድ ሌሊት ከገጠር የመጣች ልጅ ነበረች፤ የመጀመሪያዋ ነው። አማቷ ጥግ ላይ ሆነው «ማርያም በሽልም ታውጣሽ» ይላሉ። ልጅቷ ምጡ በመጣ ቁጥር ትንፋሿን ጥርቅም አድርጋ ትይዛለች። ተንፍሺ ብላት፣ ባሳያት፣ ቃሌ አልገባ አላት። ዝም ብዬ ማንጎራጎር ጀመርኩ። ግጥም የለውም። አፍ ተዘግቶ በአፍንጫ የሚሄድ፣ ረዘም ረዘም ያለ የትዝታ ዜማ ነው። ጥቂት ቆይቶ ትንፋሿ ከዜማው ጋር መሄድ ያዘ። እኔ ስስብ ትስባለች፣ ሳወጣ ታወጣለች። የልጁን የልብ ምት ላዳምጥ ብዬ ዝም ስል እጄን ጨበጥ አድርጋ «እሱን ነገር አትተይው እህቴ» አለችኝ። ማንጎራጎር ሕክምና ነው ልላችሁ አይደለም። የልብ ምቱም ይደመጣል፣ የምጡን ሂደት የምንመዘግብበት ፓርቶግራፉም ይሞላል። ግን አፍ ዘግቶ ማንጎራጎር ለድምፅም ጥሩ ማፍታቻ ነው፤ ዘፋኝ ሁሉ መድረክ ሳይወጣ የሚያደርገው ነው። እኔ ደመወዝ እየተከፈለኝ አፍታትቼው አደርኩ ማለት ነው።

የባለቤቴ ከእኔ ይከፋል። ክፍሉ ከ60 በላይ ተማሪ ይይዛል። ትምህርቱ «የክዋኔና የእይታ ጥበብ» ይባላል፤ ሙዚቃውም፣ ሥዕሉም፣ ድራማውም እዚያው ነው። የጠመኔው ብናኝ አለ። ከጎን ያለው ክፍል ጫጫታ አለ። መምህራን ከሌላው ሠራተኛ ይልቅ የድምፅ ችግር እንደሚበዛባቸው የታወቀ ነው። የሙዚቃ መምህር ሲሆን ደግሞ በንግግሩ ላይ ዘፈን ይጨመርበታል።

የሚያደርገውን ክፍሉ ገብቼ አይቼዋለሁ። ሲገባ «ዝም በሉ» አይልም። ያጨበጭባል፤ ሁለት ረዥም፣ ሦስት አጭር። ፊት ያሉት ይመልሱለታል። ደግሞ ያጨበጭባል፤ መሃል ያሉት ይገባሉ። እስከ ኋላ እስኪደርስ ክፍሉ ሁሉ እያጨበጨበ ነው። ሲያቆም እነሱም ያቆማሉ። አንድ ቃል ሳይናገር ጸጥታ አገኘ። ከዚያ ማሲንቆውን ያወጣና አንድ ድምፅ ሳብ አድርጎ ይይዛል፤ ተማሪዎቹ እሱን ይዘው ያዜማሉ። እሱ አይዘፍንላቸውም። አምስቱን የትዝታ ድምፆች በእጁ ከፍ ዝቅ እያደረገ ያሳያል፣ ማሲንቆው ያሰማል፣ ልጆቹ ይዘፍናሉ። የሚናገረው መጨረሻ ላይ ብቻ ነው። ለሙዚቃ መምህራን አንድ ነገር ብቻ ምከሩ ብትሉኝ ይህን ነው የምለው፤ መሣሪያው ይናገርላችሁ።

አሁን እንደ ነርስ ላውራ። ድምፅ የሚወጣው ማንቁርት ውስጥ ካሉ ሁለት የድምፅ አውታሮች ነው። ሲናገሩ በሰከንድ ከመቶ ጊዜ በላይ ይርገበገባሉ። ርጥብ ሲሆኑ ጥሩ ይሠራሉ፣ ሲደርቁ ቶሎ ይጎዳሉ፣ ያብጣሉ። ውሃ ሲጠጣ ውሃው በቀጥታ አይነካቸውም፤ ሰውነት ሲረጥብ ነው እነሱም የሚረጥቡት። ስለዚህ መድረክ ላይ የሚጨለጥ ኮዳ አያድንም፤ መጠጣት ከጠዋት ጀምሮ ነው። ጉሮሮን «እህም» እያሉ መጥረግ አውታሮቹን እርስ በርስ ያጋጫል፤ ከዚያ ምራቅ መዋጥ ይሻላል። ድምፅ ሲዘጋ በሹክሹክታ ማውራት ዕረፍት የሚመስላቸው አሉ። አይደለም፤ ሹክሹክታም ጉሮሮን ያስጨንቃል። ዕረፍት ማለት ዝም ማለት ነው። ከሰርግ በኋላ ሌሊት ሥጋ በልቶ መተኛት ደግሞ የጨጓራ አሲድ ወደ ላይ እንዲመጣ ያደርጋል፤ ጠዋት የሚሻክረው ድምፅ አንዳንዴ ከዘፈኑ ሳይሆን ከጥብሱ ነው።

እዚህ አገር የታመመ ጉሮሮ ያለው ሰው ምክር አያጣም። ዳማከሴው፣ ፌጦው፣ ዝንጅብሉ፣ ነጭ ሽንኩርቱ ይመጣል። ማር በሙቅ ውሃ ደህና ነው፣ ያለሰልሳል። (ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ማር አይሰጥም፤ እግረ መንገዴን ልናገረው።) እንፋሎት መታጠንም ጥሩ ነው፤ ባህር ዛፉ ባይኖርበትም የሚጠቅመው እንፋሎቱ ነው። አረቄ ግን «ጉሮሮ ይከፍታል» ሲባል አትስሙ። ያደነዝዛል እንጂ አይከፍትም። የደነዘዘ ጉሮሮ ሲጎዳ አያስታውቅም፣ ሰውዬው የሚያውቀው በማግስቱ ነው። መሻከሩ ከሦስት ሳምንት ካለፈ ጉዳዩ የማር አይደለም፤ የአንገት በላይ ሐኪም ጋ መታየት ያስፈልጋል። መምህራንና ዘፋኞች ላይ የሚወጣው ትንንሽ እብጠት ብዙ ጊዜ ያለ ቀዶ ሕክምና፣ በዕረፍትና የድምፅ አወጣጥን በማስተካከል ይድናል፤ ግን መጀመሪያ ያ መሆኑ በሐኪም መታየት አለበት።

ብርዱም አለ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል 2,840 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጩ ሣሩን ያነጣዋል፣ አየሩ ደረቅ ነው። ዲዩቲ ጨርሼ ጠዋት ስወጣ አፌን በነጠላ ሸፍኜ በአፍንጫዬ ነው የምተነፍሰው። ባጃጅ ውስጥ አላወራም። ሹፌሮቹ ኩሩ እንደሆንኩ ነው የሚያስቡት።

መሣሪያውም ብርድ ያውቃል። ክረምት ላይ ጉም ሲወርድ የማሲንቆው ቆዳ ይረጥባል፣ ይረግባል፣ ድምፁም ይሰንፋል። ባለቤቴ ከሰል ላይ ከፍ አድርጎ ይዞት ዞር ዞር ያደርገዋል፤ በጣትም ቆዳውን ጠብ ጠብ እያደረገ ያዳምጣል። ቡፍ ቡፍ ይል የነበረው ጠንከር ማለት ሲጀምር ያነሳዋል። ከዚያ ጭራውን ይቃኛል፣ ደጋኑን ሙጫ ያስነካል። ሸዋ ሮቢት ስንወርድ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ጣርማበርን አልፈን፣ ደብረ ሲና ቆሎ ገዝተን፣ ቁልቁል ስንወርድ ሙቀቱ ቆዳውን ይወጥረዋል። እዚህ የተቃኘው ማሲንቆ እዚያ ድምፁ ቀጥኖ ይገኛል። ሸዋ ሮቢት 1,280 ሜትር ገደማ ናት፤ ከእኛ ከ1,500 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች። ቀድመን ደርሰን መሣሪያው አየሩን እስኪለምድ ቆይተን ነው የምንቃኘው። የእኔም ድምፅ እንደዚያው ነው፤ እዚያ ቶሎ ይፈታል።

ባልና ሚስት አብረው ለሚዘፍኑ ትልቁ ነገር መነሻ ድምፅ ነው። ማሲንቆ መቺው ባል፣ ዘፋኟ ሚስት ሆነው የሚጫወቱ አዝማሪዎች ከጥንትም ነበሩ፤ ዛሬም አሉ። ችግሩ ለእሱ የሚመቸው ቅኝት ለእኔ ወይ ይወርዳል ወይ ይሰቀላል። ስለዚህ በሁለት ነገር ተስማምተናል። አንደኛው፣ መሣሪያው የሚቃኘው ያን ሳምንት የበለጠ ለደከመው ሰው ነው። ናይት የሰነበትኩ ከሆነ ዝቅ ተደርጎ ለእኔ ይቃኛል፣ እሱ ይችለዋል። የፈተና ሰሞን ከሆነ ለእሱ። ሁለተኛው፣ አንድ ላይ ከምንጮኽ እንቀባበላለን። አንዱ ሲያዜም ሌላው ያርፋል። አዝማቹን ለታዳሚው እንሰጣለን፤ የሸዋ ሰርገኛ መቀበል ይወዳል፣ ማን ይከለክለዋል? በመሃል ማሲንቆው ብቻውን የሚሄድበት ረዘም ያለ ቦታ እንተዋለን። ሰው ጥበብ ነው ብሎ ያጨበጭባል። እኛ ውሃ እየጠጣን ነው።

የዘፈኖቹን ቅደም ተከተልም እንደዚሁ እናስባለን። ክራር ከአንዱ ቅኝት ወደ ሌላው ሲሄድ ክሩ መጥበቅና መላላት አለበት። በየዘፈኑ ከመቃኘት የትዝታውን አንድ ላይ፣ የባቲውን አንድ ላይ እናደርጋለን። አንቺሆዬን ወደ መጨረሻ አናስጠጋም። የሰርግ ዘፈን የሚበዛበት ቅኝት ነው፣ ሁሉም ይወደዋል፤ ግን በድምፆቹ መሃል ያለው ርቀት አስቸጋሪ ነው። ጉሮሮ ሲደክም መጀመሪያ የሚስተው እሱን ነው። ትዝታ ትንሽ ብትጎድል ሰው ይቅር ይላል። አንቺሆዬ ከጎደለ የሙሽራዋ አያት እንኳ ዞር ብለው ያያሉ።

ወደ ጊዜው ልምጣ። የሰርጉ ወቅት ጥምቀት ሲያልፍ በጥር ይጀምርና እስከ ጾም ይሄዳል፤ ከፋሲካ በኋላ ደግሞ ሚያዝያና ግንቦት አለ። ጥር ላይ ባለቤቴ የመጀመሪያው መንፈቅ ፈተና አለበት፣ እርማት አለበት፣ ሮስተር አለበት። እኔ ጋ ደግሞ ምጥ ወቅት የለውም። ስለዚህ ዓመት ፈቃዴን አንድ ላይ አልጨርሰውም። ከፍዬ፣ ትልቁን ለጥር እይዘዋለሁ፤ ይህንንም በጀት ዓመቱ ሲገባ፣ ሐምሌ ላይ፣ ለኃላፊዬ አስታውቃለሁ። ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ የሚጠይቅ ፈቃድ አያገኝም፤ ያኔ ሁሉም ሰው ሰርግ አለበት።

ዲዩቲ መለዋወጥን በተመለከተ አንድ ባልደረባ አለችኝ፣ ሙስሊም ናት፣ ከኤፍራታ በኩል የመጣች። የፋሲካን ሌሊት እሷ ትገባልኛለች። የኢድን እኔ እገባላታለሁ፣ የአረፋንም። ይህ ስምምነት ከማንኛውም የሥራ መመሪያ የጠነከረ ነው። እንዲያም ሆኖ ቅያሪውን በቃል አንተወውም። በወረቀት ጽፈን፣ ሁለታችንም ፈርመን፣ ለኃላፊያችን እንሰጣለን። አንድ ነገር ቢፈጠር በፕሮግራሙ ላይ ያለው ስም ነው የሚጠየቀው። የቃል ቅያሪ ጓደኛን ያጣላል፣ ታካሚንም ይጎዳል።

ከናይት ወጥቼ በዚያው ቀን አልዘፍንም። የፈለጉትን ያህል ቢከፍሉ፣ አልዘፍንም። እንቅልፍ ያጣ ሰው ትንፋሹ አጭር ነው፣ ግጥምም ይጠፋዋል። በተቃራኒውም ነው፤ እስከ ሌሊት ዘፍኜ በማግስቱ ጠዋት ዲዩቲ አልገባም። መድኃኒት መጠን የምታሰላ፣ የደም ግፊት የምትለካ እጅ እንቅልፍ ይዟት መሆን የለበትም። አንዳንዱ ደጋሽ ይህን ሲሰማ ይከፋዋል። አንድ ጊዜ ቀብድ ከፍለው ሰርጉን ወደ ሌላ ቀን ያዞሩብን ሰዎች ነበሩ። አዲሱ ቀን ከናይቴ ጋር ገጠመ። «ነርስ ስለሆንሽ ነው የምትኮሪው» ተባልኩ። ቀብዳቸውን መለስንላቸው። ከዚያ ወዲህ ቀብድ ስንቀበል ቀኑ ከተለወጠ ምን እንደሚሆን አንድ ገጽ ላይ እንጽፋለን፤ ሰዓቱን፣ መጓጓዣውን፣ ሞንታርቦ ማን እንደሚያመጣም። የድምፅ ማጉያው ነገር የክብር ጉዳይ እንዳይመስላችሁ። ራሱን የማይሰማ ዘፋኝ ይጮኻል፤ የጮኸ ዘፋኝ ሰኞ ክፍል ውስጥ ድምፅ የለውም።

ማታ አንጓዝም። መንገዱ እንደበፊቱ አይደለም። ራቅ ያለ ቦታ ከሆነ እዚያው እናድራለን፣ ያም ወረቀቱ ላይ ይገባል።

መጠጡም ራስ ምታት ነው። ሰርግ ቤት ቆሞ ጠላ አልጠጣም፣ ጠጅ አልቀምስም ማለት ንቀት ነው የሚመስለው። «ምን ብትንቁን ነው?» ይባላል። ባለቤቴ ብዙ ዘዴ ሞክሯል። እኔ ግን «ነገ ዲዩቲ አለብኝ» እላለሁ፤ ወዲያው ይተዉኛል። አንዳንዴማ «ተዋት፣ የሰው ነፍስ ይዛለች» ብለው ለእሱም ይራሩለታል።

ስለ ቤተሰብ ካልነገርኳችሁ ጽሑፉ ጎዶሎ ነው። አዝማሪ በአገራችን ይወደዳል፣ ግን ልጄ አዝማሪ ይሁን የሚል የለም። አማቴ የመንዝ ሰው ናቸው፤ ነገር በሆዳቸው አይዙም። ከጋብቻችን በኋላ «ልጄ፣ የመንግሥት ሥራ እያለሽ ሰው ግንባርሽ ላይ ብር ሲለጥፍ ማየት ይከብደኛል» አሉኝ። «እማማ፣ ልጅዎም እኮ አብሮኝ ነው ያለው» ብላቸው «እሱንማ ትቼዋለሁ» አሉ። አልተከራከርኩም። የከበዳቸው ዘፈኑ ሳይሆን ሽልማቱ መሆኑ ገባኝ። ስለዚህ ሽልማት ግንባራችን ላይ አይለጠፍም፤ ፊት ለፊታችን ሙዳይ ይቀመጣል፣ የፈለገ እዚያ ያኖራል። ገቢው ቀነሰ እንዴ? አዎ፣ ትንሽ ቀነሰ። በቤት ውስጥ ግን ሰላም ሆነ። ልጃችንን በዲዩቲዬ ቀን የሚይዙልን እሳቸው መሆናቸውን አትርሱ። ሥራ ቦታም አስቀድሜ ለኃላፊዬ ነግሬያለሁ፤ ከሌላ ሰው ከሚሰማው ከእኔ ይስማው ብዬ።

ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ሰርግ የለም፣ ዘፈን የለም። ለእኛ የበገና ጊዜ ነው፤ ለድምፃችንም ፈውስ ነው። በገና 10 አውታር አለው። በአውታሩና በመቆሚያው መሃል የሚገባው ቁራጭ ቆዳ፣ እንዚራው፣ ያንን ወፍራም፣ የሚነዝር ድምፅ ይሰጠዋል። የሚዜመው ዝቅ ብሎ፣ ከደረት፣ ለራስ እንደሚነገር ሆኖ ነው። በጥር የተጎዳ ጉሮሮ በጾሙ ውስጥ ያገግማል። ባለቤቴ ለተማሪዎቹ ደጋግሞ የሚያነሳቸው የበገናው መምህር ዓለሙ አጋን ነው። በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት በገና አስተምረዋል፤ ዩኒቨርሲቲ ያጠኑት ግን ጂኦግራፊ ነው። በደርግ ጊዜ ትምህርቱ ሲቋረጥ እሳቸው በገናቸውን አላቋረጡም። «ሌላ ሥራ መያዝ ከጥበቡ ያጎድላል» ለሚል ተማሪ ሌላ መልስ አይፈልግም።

ዘፈንና መዝሙር እንዴት አንድ ላይ ይሄዳል የሚል ጥያቄም ይመጣብናል። ያንን ከንስሐ አባታችን ጋር ጨርሰነዋል፤ እናንተም ከራሳችሁ አባት ጋር ጨርሱት። በሰው ወሬ የሚፈታ ነገር አይደለም።

እርጉዝ ሆኜ ዘፍኛለሁ። የመጀመሪያዎቹ ወራት ላይ ማቅለሽለሹ ነው ችግሩ፤ ማስታወክ በአሲዱ ጉሮሮን ያቃጥላል። ወደ መጨረሻው ደግሞ ማኅፀን ድያፍራምን ወደ ላይ ይገፋዋል፣ ረዥም ስንኝ በአንድ ትንፋሽ አይዘለቅም። እኔ ስንኙን እያሳጠርኩ፣ ተቀምጬ፣ ክራር ላይ እያመዘንኩ ቆየሁ። ሕጉ ለመንግሥት ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ይሰጣል። በእረፍት ላይ ነች ብለው ለሰርግ የሚጠሩ ነበሩ። አልሄድኩም። ዘፈንን የሚሸከመው የሆድ ጡንቻ ነው፤ እሱ ሳይመለስ ሲዘፈን ሸክሙን ጉሮሮ ይወስደዋል። ቢያንስ የ6 ሳምንቱ ምርመራ ይለፍ፤ በቀዶ ሕክምና የወለደች ደግሞ ከሐኪሟ ጋር ተነጋግራ ከዚያም በላይ ትቆይ። እስከዚያ እሹሩሩ ይበቃል። እሱም ልምምድ ነው።

በትዳሩ ላይ አንድ ነገር ልበል። መምህር ያገባች ዘፋኝ እርማት አታጣም። ከመድረክ ወርደን ሚኒባስ ውስጥ ሳንቀመጥ «ሁለተኛው ላይ ወርደሽ ገባሽ» ይል ነበር። «እኔ ተማሪህ አይደለሁም» እለው ነበር። አሁን የዘፈነው ሰው ራሱ ካልጠየቀ በስተቀር የዚያን ቀን ሌሊት ስለ ዘፈኑ አይወራም። በቀጣዩ ቀን ቡና ላይ ይነሳል። የሚገርመው፣ ያን ጊዜ ከሚያነሳው ግማሹን ረስቶታል።

አንዱን ልተው ወይ ላለው ልጅ፦ እኛም የተውነው አለ። ባለቤቴ የማታ አስጠኚነቱን ትቷል፤ አምስት ቀን ሙሉ ከተናገረ በኋላ በድምፁ ላይ የሚጨመር ሌላ ንግግር ነበር። ቅዳሜ ጠዋት በቤታችን ለጥቂት ልጆች ማሲንቆና ክራር ያስተምራል፣ እሱን ግን አልተወም። እኔ በግል ክሊኒክ የነበረኝን ትርፍ ሥራ ትቻለሁ። ሁለቱም ገንዘብ ነበራቸው፤ ተሰማን። ሙያውንና ዘፈኑን ግን አልነካንም። ለሚያዝያ የያዝነው ሥራ አለ። ከዚያ ውጭ በድንገት ለቅዳሜ የሚደውልልን ሰው ካለ ስልኩን የሚያነሳው ባለቤቴ ነው። «ናይት ነች» ይላል። ብዙውን ጊዜ እውነቱን ነው።